ዘይቱ ሐላል ነው፤ ሽፋኑስ?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ኦሜጋ-3 ከመድኃኒት ቤት ስንገዛ የምንጠይቀው ብዙውን ጊዜ ስለ ዘይቱ ነው። የዓሣ ጉዳይ ግን ግልጽ ነው፤ በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛ አንቀጽ የባሕር አደን ተፈቅዶልናል። መጠየቅ ያለበት ሽፋኑ ነው። ለስላሳው እንክብል በአብዛኛው የሚሠራው ከጄላቲን ነው። ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ቆዳ፣ ከከብት ቆዳና አጥንት ወይም ከዓሣ ቆዳ ይወጣል። ማሸጊያው ላይ «ጄላቲን» ብቻ ከተጻፈ ምንጩን ማወቅ አንችልም።

ጥያቄው በእንክብል አያበቃም። በሕፃናት ዱቄት ወተትና በሌሎች ምግቦች የሚጨመረው የዓሣ ዘይት ብዙ ጊዜ ዱቄት ሆኖ ነው። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው፦ በዘይቱ ውስጥ ያሉት ኢፒኤ 5፣ ዲኤችኤ 6 ድርብ ቦንድ አላቸው። ኦክስጅን፣ ብርሃንና ሙቀት ቶሎ ያበላሿቸዋል፤ ዘይቱም ይሸታል። ስለዚህ ዘይቱ የሽፋን ቁስ ከሟሟበት ውኃ ጋር በደንብ ይመታል፤ ከዚያም እንደ ጉም ሆኖ ወደ ሞቃት አየር ይረጫል። ውኃው ወዲያው ሲተን የዘይቱ ጠብታዎች በደረቅ ሽፋን ውስጥ ይቀራሉ። ሽፋኑ ደካማ ከሆነና ዘይቱ ወደ ላይ ከወጣ ግን ዱቄቱ ከፈሳሹ ይልቅ ፈጥኖ ሊበላሽ ይችላል። እዚህም ጄላቲን ሽፋን ሊሆን ይችላል።

ነጃሳ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ፣ ማለትም በኢስቲሓላ፣ ፍርዱ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም። መሐንዲስ ግን ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ፦ ሹብሃ የሌለበትን ሽፋን መሥራት። ከግራር የሚገኘው የዐረብ ሙጫ፣ የወተት ፕሮቲንና ስታርች ለዚህ ያገለግላሉ። ሙጫውን ሀገራችን ራሷ ታመርታለች፤ ወደ ውጭም ትልካለች።

«ይህ የትልልቅ ፋብሪካ ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ቦንጋ ላይ ሆነን የዓሣ ዘይት መጠበቅ አያስፈልገንም። የኑግ ዘይትም በኦክስጅን ይበላሻል፤ በየገበያውም አለ። ከሙጫ ጋር መትተን፣ በስሱ አንጥፈን፣ በአነስተኛ ሙቀት ማድረቅ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ ያልተሸፈነውንና የተሸፈነውን ዘይት ሞቅ ባለ ቦታ አስቀምጠን ፐርኦክሳይድ ቫልዩአቸውን በየሳምንቱ በታይትሬሽን ማወዳደር ነው። የሚያስፈልገው አዮዳይድና ታዮሰልፌት ነው። ዘዴው ከሠራ ለከፋ ኮረሪማም ይሆናል፤ ሲፈጭ ቶሎ የሚጠፋው መዓዛው በዚሁ መንገድ ሊያዝ ይችላል።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትመርጡ የኬሚካል ምህንድስና፣ የምግብ ሳይንስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን ርዕስ አብረን እንያዘው። «ሐላል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሐላሉን ሠርቶ ማቅረብ ደግሞ ለተማረ ሙስሊም የተተወ አማና ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።