ሁለት ሙከራ የሚበቃበት ጊዜ

«ምሳሌ ማረጋገጫ አይሆንም» የሚለውን አባባል በዲፓርትመንታችን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እንደ ትእዛዝ ሲነገረን ቆይቷል። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣም ይዘነው እንወጣለን። አባባሉ እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ልከራከረው እፈልጋለሁ፤ ይኸውም አንድ የአልጀብራ መግለጫ ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው ወይስ ኢተጋማሽ (በሰፈር አነጋገር ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ) በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ በትርፍ ሰዓቴ የሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። «ነ² + ነ፣ ነ ማንኛውም ድፍን ቁጥር ቢሆን፣ ውጤቱ ምን ዓይነት ነው?» ስላቸው አብዛኞቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያሉ ይተካሉ። አንዷ ግን 0ን እና 1ን ብቻ ሞክራ እርሳሷን አስቀመጠች። «ለምን አቆምሽ?» ብላት፣ «ከዚህ በኋላ ያው ነው» አለችኝ። በእኛ የእርማት ልማድ ይህች ልጅ ዜሮ ነው የምታገኘው። እኔ ግን «ያው ነው» ያለችበትን ምክንያት እስከተናገረች ድረስ ሙሉ ማርክ ይገባታል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ስንደምር፣ ስንቀንስና ስናባዛ ውጤቱ ተጋማሽ ይሁን ኢተጋማሽ የሚወሰነው በገቡት ቁጥሮች ተጋማሽነት ብቻ ነው፤ የቁጥሩ ትልቅነት ምንም አይለውጥም። ስለዚህ መግለጫው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ድፍን እስከሆኑና ማካፈል እስከሌለ ድረስ 0 ተጋማሾችን ሁሉ ይወክላል፣ 1 ደግሞ ኢተጋማሾችን ሁሉ። ሁለቱን መሞከር ማለት ሁሉንም መሞከር ነው። ነገሩ ከእንግዲህ ምሳሌ አይባልም፣ ጉዳዮቹን ከፋፍሎ መጨረስ ነው እንጂ።

እስቲ በኦይለር ስም የሚታወቀውን ነ² + ነ + 41 እንውሰድ። ከ0 እስከ 39 ያሉትን ብንተካ 40ውም ውጤቶች ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ታዲያ ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል እንበል? 40ን ስንተካ 1681 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 41 × 41 ነው። አርባ ሙከራ ሳይበቃ ቀረ ማለት ነው። የዚሁ መግለጫ ውጤት ሁልጊዜ ኢተጋማሽ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ሁለቱ ሙከራ በቂ ነው፦ 41 እና 43። ለተማሪ መነገር ያለበት ይህ ልዩነት ይመስለኛል፤ እኛ ግን «ምሳሌ አይበቃም» ብለን በጅምላ እናልፈዋለን።

ማካፈል ሲገባ ነገሩ ይበላሻል። (ነ² + ነ) ÷ 2 ላይ 0 እና 1 ብንሞክር 0 እና 1 እናገኛለን፤ «ነ ተጋማሽ ከሆነ ውጤቱም ተጋማሽ ነው» ለማለት ያጓጓል። ነገር ግን በ2 ቦታ 3 ይወጣል። እዚህ ነ ለ4 ሲካፈል የሚተርፈውን ማየት፣ ማለትም አራት ሙከራ ማድረግ ግድ ነው።

ጥያቄ ስናወጣ «አረጋግጥ» ብቻ ከምንል «ስንት ሙከራ ይበቃል? ለምን?» ብንል ይሻላል እላለሁ። ምሳሌም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ባሕረ ሐሳባችን አለ። የዓመቱ ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ ይሆናል። የ2017 ዓ.ም. ወንበር 11 ነው፤ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29። የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው፤ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። ድምራቸው ሁልጊዜ 30 ስለሆነ ወይ ሁለቱም ተጋማሽ ናቸው ወይ ሁለቱም ኢተጋማሽ፤ ተቀላቅለው አይገኙም። 30 ራሱ ተጋማሽ ስለሆነም መግደፉ ተጋማሽነትን አይነካም፤ አበቅቴው ወንበሩን ይመስላል።

ወንበሩ ራሱ ግን ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተገድፎ፣ ከቀሪው 1 ተቀንሶ የሚገኝ ነው። 19 ኢተጋማሽ ነው። ስለዚህ የ2024 ዓ.ም. ወንበር 18፣ የ2025 ዓ.ም. ደግሞ 0 ይሆናል፤ ዓመቱ ከተጋማሽ ወደ ኢተጋማሽ ሲሻገር ወንበሩ ተጋማሽ እንደሆነ ይቀራል።