ሳይጠይቁ የሠሩት ማሪዮ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ዛሬ ስለ አንድ የከሸፈ ፊልም እናወራለን። «የመስጂድ ሰዎች ከፊልም ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሱን። ወሬው ከፊልሙ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ እኛው ላይ ያርፋል።

መነሻው እንዲህ ነው። በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ተቀምጠን ስለ ጊዜ አጠቃቀም እየተጨዋወትን ነበር። ጨዋታው ወደ ጌም ዞረ። እኛም ሞቅ አለንና «ጌም የምትሉት ሁሉ ተኩስና ደም ነው። ያ ማሪዮ የምትሉት እንኳ ሽጉጥ ይዞ ሰው ሲያሳድድ ነው የሚውለው!» ብለን አረፍነው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ የተቀመጠ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና በጣም በትህትና፣ «ኡስታዝ፣ ማሪዮ እኮ ቧንቧ ሠራተኛ ነው» አለን።

ሳቁን ተዉት። እኛም ሳቅን፣ ምን እናድርግ? ልጅነታችን ያለፈው ገጠር መድረሳ ውስጥ፣ በሰሌዳና በቀለም ነው። ጌም ቤት ደጅ ቆመን አናውቅም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለሌሎች ተርተነዋል መሰላችሁ። ያን ቀን ግን ጥምጥማችን ራሳችን ላይ ከበደን።

ከዚያ ያው ልጅ ሊያጽናናን ፈልጎ ነው መሰለን፣ «አይዞዎት ኡስታዝ፣ የማሪዮን ፊልም የሠሩት ሰዎችም ማሪዮን አያውቁትም ነበር» አለን። ይህችን ይዘን ቤት ገባን። ፊልሙን ፈልገን አየነው፤ ስለ አሠራሩ የተባለውንም አነበብን። ሱብሃነላህ! ልጁ አልዋሸም።

መጀመሪያ እንደኛ ጌሙን ለማታውቁት። ማሪዮን የፈጠረው ሺገሩ ሚያሞቶ የተባለ ጃፓናዊ የኒንቴንዶ ሠራተኛ ነው። በ1981 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) «ዶንኪ ኮንግ» በሚባል ጌም ውስጥ ብቅ ሲል ስሙ እንኳ ማሪዮ አልነበረም። በ1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ወጣ፣ ዓለምም አወቀው። ነገሩ ቀላል ነው። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ባለ ሪዝ ሰውዬ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ኤሊ ይረግጣል፣ እንጉዳይ በልቶ ያድጋል፣ ቧንቧ ውስጥ ይገባል። አንዲት ልዕልት ታግታበታለች። ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ ሲገባ ልዕልቷ የለችም፤ ሌላኛው ቤተ መንግሥት ነው ያለችው ይሉታል። እንደገና ሩጫ። ቀበሌ ሄዶ «ነገ ና» የተባለ ሰው ስሜቱን ይረዳዋል።

እንግዲህ ይህን ቀላል ነገር ፊልም ለማድረግ በ1993 አሜሪካኖች ተነሱ። የሰዎቹን ዝርዝር ስታዩ «ይህ ፊልም ካልተሳካ ምን ሊሳካ ነው?» ትላላችሁ። ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ሮላንድ ጆፌ ነው፤ «ዘ ኪሊንግ ፊልድስ»ንና «ዘ ሚሽን»ን የመሳሰሉ ትልልቅ ፊልሞች ዳይሬክተር። ማሪዮን የተጫወተው እንግሊዛዊው ቦብ ሆስኪንስ፣ የተከበረ ተዋናይ። ወንድሙን ሉዊጂን ጆን ሌጊዛሞ፣ ክፉውን ንጉሥ ኩፓን ደግሞ አንጋፋው ዴኒስ ሆፐር። ዳይሬክተሮቹ ሮኪ ሞርተንና አናቤል ጃንክል የተባሉ ባልና ሚስት። ገንዘቡ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ቅቤው ምርጥ፣ በርበሬው ምርጥ፣ ድስቱ አዲስ። የጎደለችው ዶሮዋ ብቻ ናት።

ታሪኩን እንንገራችሁ፣ እኛ አልጨመርንበትም። ከ65 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ዓለምን ለሁለት ከፈላት። ዳይኖሰሮቹ አልጠፉም፤ በሌላኛው ዓለም ሰው መስለው፣ ኮት ለብሰው፣ ታክሲ እየነዱ ይኖራሉ። ከተማቸው ጨለማ፣ ቆሻሻና ግፊያ ነው። የቀድሞው ንጉሣቸው ወደ ሻጋታነት ተለውጦ በከተማው ግድግዳና ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ይንጠባጠባል። በጌሙ ውስጥ ማሪዮን የምታሳድገው እንጉዳይ በፊልሙ የልዕልቷ አባት ሆነች ማለት ነው!

በጌሙ ጉምባ የሚባሉት ጠላቶች ከጉልበት በታች የሆኑ ቡናማ እንጉዳዮች ናቸው፤ እግር ስታነሳባቸው ያልቃሉ። በፊልሙ ግን ረጃጅም ካፖርት የለበሱ ግዙፍ ጎረምሶች ሆነዋል፤ ትከሻቸው የበር ያህል፣ ጭንቅላታቸው ደግሞ ሎሚ የምታህል የእንሽላሊት ጭንቅላት። ሊፍት ውስጥ ሙዚቃ ሲሰሙ ተቃቅፈው ይወዛወዛሉ። ኩፓ በጌሙ እሳት የሚተፋ፣ ድንጋዩን በጀርባው የተሸከመ አውሬ ነው። በፊልሙ ግን ፀጉሩን በቅባት ያቆመና ጀርም የሚፈራ ባለ ከረቫት ሰውዬ ነው።

ማሪዮስ? ማሪዮ መዝለል አይችልም! በዓለም ላይ በመዝለል የታወቀው ሰው ለመዝለል ልዩ ባለ ሞተር ጫማ ያስፈልገዋል። ቀዩን ልብሱን የሚለብሰውም ፊልሙ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው። ይህ ማለት ስለ ኳስ ተጫዋች ፊልም ሠርቶ ተጫዋቹን አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው።

አንድ ነገር ግን እኛ ሐበሾችን ላያስገርመን ይችላል። በፊልሙ ውስጥ ፖሊስ ስማቸውን ሲጠይቃቸው አንዱ «ማሪዮ ማሪዮ»፣ ሌላው «ሉዊጂ ማሪዮ» ነው። ፈረንጅ በዚህ ሳቀ። እኛ ሰፈር ግን «አሕመድ አሕመድ» የሚባል ሰው ስንት አለ! ችግሩ በኛ አጠራር ሉዊጂ የማሪዮ ወንድም መሆኑ ቀርቶ ልጁ ሆኖ ያርፋል።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ይህን ሁሉ ባለሙያ የያዘ ሥራ ለምን ከሸፈ?

አንደኛ፣ ምን እንደሚሠሩ አልተስማሙም። ስክሪፕቱ በተደጋጋሚ ተጻፈ፣ ተቀደደ፣ እንደገና ተጻፈ። ተዋናዮቹ አንብበው የፈረሙበት ሌላ፣ ቀረጻው ሲጀመር የተሰጣቸው ሌላ። ቀረጻ ላይ ሆነውም አዳዲስ ገጽ ይመጣላቸው ነበር። ቦታው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ያለ የተተወ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ሆፐር ለ5 ሳምንት ሥራ ሄዶ 17 ሳምንት እንደቆየ በኋላ ተናግሯል። ሌጊዛሞም እሱና ሆስኪንስ በቀረጻ መሀል ይጠጡ እንደነበር ጽፏል። ሐሳብ የሌለው ሥራ ሠራተኛውን የት እንደሚያደርሰው ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ሠሪዎቹ ጌሙን የሚወዱትን ልጆች አልጠየቁም። ሆስኪንስ ራሱ ፊልሙ ከጌም የመጣ መሆኑን ያወቀው ሥራውን ከተቀበለ በኋላ፣ ልጁ ነግሮት ነው። ልጁ ጌሙን ከፍቶ አሳየው። ሰውዬው በቴአትር መድረክ ንጉሥ ሊርን የተጫወተ ሰው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትዘለውን ጉንዳን የምታህል ሰው ሲያይ ምን እንደተሰማው እናንተ ገምቱ።

ሦስተኛው የሁሉም ሥር ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ዳይሬክተሮቹ የፈለጉት ጨለማ ያለበት፣ አዋቂ የሚያየው ነገር ነበር። የተሰጣቸው ደግሞ ልጆች የሚወዱት ብሩህና ቀላል ጨዋታ። ሲታየን በተሰጣቸው ነገር አፈሩበት። የልጅ ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ የሚወሰድ አልመሰላቸውም፤ መታረም ያለበት መሰላቸው። በእጅህ የተሰጠህን አማና እያፈርክበት ልትጠብቀው አትችልም።

ፊልሙ ግንቦት ውስጥ (ሜይ 28፣ 1993) ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 21 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ የወጣበትን ግማሽ ያህል። ጉድ በዚህ አላበቃም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ «ጁራሲክ ፓርክ» ወጣ። ዳይኖሰር ማየት ያማረው ሕዝብ ትንሽ ታግሦ እውነተኛ የሚመስለውን ዳይኖሰር አየ። የማሪዮ ፊልም መጨረሻ ላይ ልዕልቷ መሣሪያ ታጥቃ መጥታ «እርዱኝ፣ ሌላ ጉዳይ አለ» ትላለች። ክፍል ሁለት ሊመጣ ነበር ማለት ነው። ይኸው 30 ዓመት አለፈ፣ እህታችን በር ላይ እንደቆመች ናት።

ሆስኪንስን በ2011 አንድ ጋዜጣ ጠይቆት ነበር። እጅግ የከፋው ሥራህ የቱ ነው? ትልቁ ቅሬታህስ? ያለፈ ሕይወትህን ማረም ብትችል ምን ትለውጣለህ? ለሦስቱም የሰጠው መልስ ይኸው ፊልም ነው። አላህ እንዲህ ካለው የሦስት ጥያቄ አንድ መልስ ይጠብቀን።

የሆፐር ደግሞ ይብሳል። ትንሹ ልጁ ፊልሙን አይቶ «አባዬ፣ ለምን ሠራኸው?» ብሎ ጠየቀው። አባት «ላንተ ጫማ ልገዛበት» አለው። ልጁም «እንዲህ ከሆነስ ጫማ ያን ያህል አያስፈልገኝም ነበር» አለ። ይህን የተናገረው ሆፐር ራሱ ነው። እኛ መጀመሪያ ሳቅን። ቆይቶ ግን ውስጣችን ገባ። ስንቶቻችን ነን ለልጅ ጫማ ብለን የምናፍርበትን ሥራ ሠርተን ስናበቃ ልጁን እንኳ ሳንጠይቀው የቀረን?

ለፍትሕ ያህል ይህንም እንበል። ዛሬ ፊልሙን የሚወዱት ሰዎች አሉ፤ የተቆረጡ ክፍሎቹን ሳይቀር ፈልገው የሰበሰቡለት ወዳጆች አግኝቷል። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው ከተማም የእውነት ልፋት ያለበት ነው። የጠፋው ልፋቱ አልነበረም፤ ልፋቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ሌላ ምሳሌ እናምጣ። በ2019 «ሶኒክ» የሚባለው ሰማያዊ ጃርት ፊልም ሊወጣ ማስታወቂያው ተለቀቀ። ጃርቱ የሰው ጥርስ ገጥመውለታል! ልጆች በሳቅና በቁጣ ተነሱ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በቀናት ውስጥ «ሰምተናል፣ እናስተካክላለን» አለ። ፊልሙን ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 2020 አዘገዩት፣ ጃርቱን እንደገና ሠሩት። ፊልሙ ተሳካ፣ ተከታዮችም ወጡለት። ኒንቴንዶም ከ30 ዓመት በኋላ በ2023 ማሪዮን በአኒሜሽን መልሶ ሲያመጣ ሚያሞቶ ራሱ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በማሪዮ ማፈር ቀረ። ማሪዮ ቀይ ለበሰ፣ ያለ ሞተርም ዘለለ።

ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አንዱ ስህተቱን ሲነግሩት ሰማ፣ ሌላው የሚነግረውን ሰው ከመጀመሪያው አልጠየቀም።

አሁን ወደ እኛ። ያን ቀን ስለ ማሪዮ ስንናገር ያደረግነው ከነዚያ ዳይሬክተሮች በምን ይለያል? ልጆቹ የሚወዱትን ነገር ሳናይ፣ ሳንጠይቅ፣ ሽጉጥ አስይዘን አቀረብንላቸው። እንዲህ የሚያወራ ሰው ቀጥሎ ስለ ሶላት ሲናገር ልጁ በልቡ «ይህንንም እንደ ማሪዮው ነው የሚያውቀው?» ቢል ይፈረድበታል? ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው። የነሱ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የኛ የልጅ እምነት።

ስለዚህ ልጁን ፈልገን «አስተምረን» አልነው። ደንግጦ ስልኩን ሰጠን። ጀመርን። የመጀመሪያዋ እንጉዳይ መጥታ ነካችን፣ ሞትን። እንደገና ጀመርን፣ እንደገና ያችው እንጉዳይ። ሦስተኛው ላይ ልጁ «ይዝለሉ እንጂ ኡስታዝ!» ብሎ ጮኸ። እኛም እንደ ቦብ ሆስኪንስ ባለ ሞተር ጫማ አማረን።

ከሳቁ በኋላ ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ይህን ጌም ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ መሆኑን ነገረን። ወንድሙ አሁን ሳዑዲ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። ሲደዋወሉ ወንድምየው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ደረስክ?» ብሎ ነው። ልጁ ጌሙን የማይተወው ለዚህ ነው። ይህን ልጅ ለሁለት ዓመት በየቀኑ አይተነዋል። ወንድም እንዳለው እንኳ አናውቅም ነበር።

ይህ ማለት ሌሊቱን በጌም አንጉ፣ ሶላት ይለፋችሁ ማለት አይደለም፤ ጊዜያችሁ ይጠየቅባችኋል። ግን እኛ ልናስተምር የተቀመጥን ሰዎች፣ ወላጆችም፣ ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ። እናንተ ወጣቶችም ስንሳሳት እንደዚያ ልጅ አርሙን። እጁን አወጣ፣ በትህትና ተናገረ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። ሆሊውድ ውስጥ በ1993 እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ስብሰባው ላይ ቢኖርና የሚሰማው ቢያገኝ ኖሮ ስንት ሚሊዮን ይተርፍ ነበር!

እኛ እስካሁን የመጀመሪያውን ደረጃ አላለፍንም። የምታውቁ ካላችሁ በኮሜንት ምከሩን፤ በአደብ ብቻ ይሁን።