እንግዳው ተማሪ ልደታ ይደር

ታዛቢው (ከልደታ)

በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ዘንድ የባህል ልውውጥ ጉዞ ማለት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ለሁለት ሳምንት ባሕር ማዶ የሚያሳይበት መንገድ ነው። ልጁ ይሄዳል፣ ሙዚየም ያያል፣ በመዝጊያው ቀን የአገር ልብስ ለብሶ እስክስታ ይመታል፣ ይመለሳል። ክፋት የለበትም። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ያስተናገዱት ልጆች ተራቸው ደርሶ ወደ እኛ ሲመጡ አላይም። የሚመጡ ቢኖሩም ሆቴል ገብተው፣ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይተው፣ እንጦጦ ወጥተው ይመለሳሉ እንጂ የእኩያቸው ቤት አንድ ሌሊት አያድሩም።

ለመሄድ የሚጠየቀው ገንዘብ የዋዛ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፓስፖርትም በዚያው ሰሞን ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ገባ። የቪዛው ክፍያ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር ደመወዝተኛ ይህን ደምሮ ሲጨርስ ለልጁ የሚለው አያጣም፤ «ለከርሞ»።

ብሩ ተገኘ እንበል። ወረቀቱ አለ። ዕድሜው 18 ላልሞላ ልጅ የወላጆች ፈቃድ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ መታወቂያ፣ የላኪው ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የጋባዡም ደብዳቤ። በቀደም ልጇ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተመረጠላት አንዲት እናት ፌስታል ሙሉ ወረቀት ታቅፋ አገኘኋት። የልጁ አባት ከቤት ከወጣ ዓመታት ሆኖታል፣ ያለበትም አይታወቅም። ስለዚህ ውልና ማስረጃ ከመድረሷ በፊት ፍርድ ቤት ደጅ መጥናት አለባት። «ፈቅጃለሁ ብሎ ቢፈርምልኝ ሌላ ምንም አልልም ነበር» አለችኝ። ፌስታሉ ውስጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የልጁ ካርድ በሙሉ አለ፤ እያንዳንዱ በላስቲክ ተለብዷል። የጠየቃት የለም፤ አንዱ ይጠይቀኝ ይሆናል ብላ ነው ይዛው የምትዞረው።

እንዲሳካላት እመኛለሁ። መሄድን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ የድሃ ልጅ የሄደበት ዘመንም ነበር። እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከእኛ ወታደሮች ጋር የወደቁ ኩባውያን የሚታሰቡበት የትግላችን ሐውልት ቆሟል። ከዚያ ጦርነት በኋላ፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው ስፍራ ተላኩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አባታቸውን በጦርነቱ ያጡ ናቸው። ግማሽ ቀን ተምረው ግማሽ ቀን ብርቱካን እርሻ ይውሉ ነበር። ከመካከላቸው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ። ያም ሆኖ ያንን ዘመን ለማወደስ አልቸኩልም። ልጆቹን የጠየቃቸው የለም፤ የላካቸው ርዕዮተ ዓለም ነበር፣ በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅም አንዳንዶቹ ገና እዚያው ነበሩ። ኩባም ብትሆን ወታደርና ሐኪም ላከችልን እንጂ ልጇን ልካ እኛ ሰፈር አሳደረች ሲባል አልሰማሁም።

እንግዳ መቀበል ምን እንደሚያመጣ ማየት የሚፈልግ 1950 ዓ.ም.ን ይመልከት። በዚያ ዓመት ሚያዝያ አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠች። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጥተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። ጃንሆይ በስጦታው የአገራቸውን ክብር ከፍ ሊያደርጉ አስበው ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ሌላም ጨመረ። የእኛ ተማሪ «እኛ ያልተገዛን ነን» እያለ ደረቱን ነፍቶ ሲጠብቅ፣ አገራቸው ገና በቅኝ ገዥ እጅ ያሉ ልጆች በፖለቲካ ክርክርና በማኅበር አደረጃጀት በልጠውት ተገኙ። የታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ ለተማሪዎቹ ንቅናቄ መነቃቃት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች መካከል እነዚህን እንግዶች ይቆጥሯቸዋል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የኮሌጁ ተማሪዎች በጃንሆይ ላይ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሰልፉን እንግዶቹ አመጡት አልልም። ነገር ግን አንድ ዶርም ውስጥ አብሮህ የሚያድር ሰው የሚጠይቅህን ጥያቄ፣ ውጭ አገር ለሁለት ሳምንት ሽርሽር የወጣህ ጊዜ ማንም አይጠይቅህም።

ኮሪያዎች ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። ቹንቾን ከተማ በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን መታሰቢያ ሠርታለች፤ የዚያች ከተማ ልጅ ኢትዮጵያን እቤቱ ሆኖ ነው የሚያውቃት።

እኛስ? አዲስ አበባ ከቹንቾን፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከጀርመኗ ላይፕሲግ፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የእህትማማችነት ውል አላት። ውል ካለ፣ አሥር የላይፕሲግ ተማሪዎች አሥር የልደታ ቤት ውስጥ እንዲያድሩ መጠየቅ ድፍረት አይሆንም። የአውሮፕላኑን ቲኬት እነሱ ይችላሉ፤ ከእኛ የሚጠበቀው እንጀራና የታክሲ ብር ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ይምጡ። ጠዋት ከአስተናጋጃቸው ልጅ ጋር ደብተር ይዘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይግቡ፣ በተጨናነቀው ክፍል ወንበር ይጋሩ። ከሰዓት ልደታ ፍርድ ቤት ገብተው ግልጽ ችሎት ይከታተሉ። ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ዕለት፣ ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ደጅ ሲወጣ አብረው ይቀመጡ፤ ባልቴቶቹ እየመረቁ ንፍሮ ሲያዘግኑ እጃቸውን ይዘርጉ። የእኛም ልጅ ያን ዕለት ለምን ደጅ እንደሚበላ ሲጠየቅ መልስ ያጣል፤ አያቱን ሄዶ ይጠይቃል።

ቶሎ የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቀኛል። «ቤታችን አይመችም።» አዎ፣ ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ውኃውም በፈረቃ ነው። ጀርመናዊው ልጅ በጆግ ይታጠባል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍለታል። እናቶቻችን ከገጠር የመጣ ዘመድ ሲያሳድሩ ክፍል ቆጥረው አያውቁም ነበር፤ የፈረንጅ ልጅ ሲሆን ለምን እንደምንሸማቀቅ አይገባኝም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኃላፊነቱ ነው። ልጁ ሌሊት ቢታመም ማን ይጠራል? የሚያስተናግደውን ቤት ማን አይቶ ያጸድቃል? ወረዳው ያውቃል ወይ? ይህ በቅንነት ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ የሚፈርም ርእሰ መምህር፣ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳ መምህር፣ ቤቶቹን አስቀድሞ የሚጎበኝ የወላጅ ኮሚቴ ይፈልጋል። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህን አዘጋጅቶ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። ለግንቦት 1 እንዲደርሱ ደብዳቤው ከመስከረም ማለፍ የለበትም፤ የእነሱም ወላጆች የሚፈርሙት ወረቀት አለ።