በሬ ሸጦ ከመታከም መዋጮ ከፍሎ መጠበቅ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ለሥራ በሄድኩበት አንድ የወረዳ ገበያ፣ ከቀንበር የተፈታ ጥሩ የእርሻ በሬ ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። አባወራው በሬውን ያወጡት ሚስታቸው ሆስፒታል በመተኛታቸው ነበር። የጤና መድን መዋጮ በተጠየቁ ጊዜ «ደኅና ነን፤ ለምን እንከፍላለን?» ብለው መቅረታቸውን አልሸሸጉኝም። ጉዳቱ በሕክምናው ወጪ ብቻ አይወሰንም። ጥማዱ ስለፈረሰ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የሚመጣው ዓመት ምርትም በግማሽ ይቀንስባቸዋል።

እንደሚታወቀው፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ቤተሰቡም ውል በተገባባቸው የጤና ድርጅቶች ይታከማል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ድሆች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው፦ በየዓመቱ ጥቂት መክፈል ወይም መዋጮውን አስቀርቶ በሽታ በመጣ ጊዜ ሙሉውን ወጪ መሸከም። በአሜሪካ አነስተኛ መዋጮ እየተከፈለ የመጀመሪያውን ከፍተኛ ወጪ ታካሚው ራሱ የሚሸከምበት የመድን ዓይነት አለ። ይህ የሚያዋጣው ግን በባንክ ተቀማጭ ላለው ሰው ነው። የእኛ ገበሬ ተቀማጭ በበረት የቆመው በሬ ስለሆነ፣ ያ ሲሸጥ እርሻውም አብሮ ይሸጣል።

«ከፍለን ስንሄድ መድኃኒት የለም እንባላለን» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ መታፈንም የለበትም። ነገር ግን ከአባልነት መውጣት መፍትሔ አይሆንም። የታመመ ብቻ እየከፈለ ጤነኛው ከቀረ ገንዘቡ ያልቃል፤ ጤና ጣቢያውም የሚከፈለውን ካላገኘ መድኃኒት ሊተካ አይችልም።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ መልካም ነው። አንደኛ፣ መዋጮው ገበሬው እህል በሚሸጥበት ከመኸር በኋላ ባለው ጊዜ፣ በደረሰኝ ይሰብሰብ። ሁለተኛ፣ በነፃ የሚታከሙ ድሆች በዝምድና ሳይሆን በጉባኤ ፊት በግልጽ ይመረጡ። ሦስተኛ፣ ሕክምና ከጤና ጣቢያ እንደሚጀመርና የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ወደ ሆስፒታል መሄድ ለክፍያ እንደሚዳርግ ለአባላት ይነገር። አራተኛ፣ መድኃኒት የታጣበት ቀንና ዓይነት እየተመዘገበ ለወረዳው ይቅረብ፤ መልስም ይጠየቅበት።

ለቀብር በየወሩ የእድር ገንዘብ ሳናጓድል እንከፍላለን። ለሞት እንዲህ የተደራጀ ገበሬ ለሕይወትም መደራጀት አያቅተውም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሚመከረው በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ነው።