ደባል

«ደባል» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። የ«ተዳበለ» ወገን ነውና መጠጋትን እንጂ መግፋትን አያውቅም። በጭሮም ሆነ በመሰላ ሰፈሮች ግን ቃሉ ሲነሣ ፊት ይኮሳተራል፤ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የተከራዩ የገጠር ተማሪዎች ማለት ነውና። ውኃ ጨረሱ፣ ሌሊት በር አንኳኩ፣ መንገዱን አቆሸሹ ይባላሉ።

ወቀሳው ሐሰት ነው አልልም። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ መጸዳጃ ዐሥራ አምስት ሰው አይችልም፤ ሲሞላ ፍሳሹ ደጅ ይወጣል። ግን ግቢውን የሸነሸነው ማን ነው? ጭሮ አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ዘመን የጨርጨር ገዥ የነበሩት በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ከተማዋን በዕቅድ ለማልማት ደክመው ነበር። (በ«ፋቡላ» ቴአትራቸው አውሬዎችን በአንድ መድረክ ያዳበሉትም እርሳቸው ናቸው።) ዛሬ በየጓሮው ክፍል የሚቀጥለው የአከራዩ ቆርቆሮ ነው። ኪራዩን በነፍስ ወከፍ የሚቀበል፣ መጸዳጃውንም በነፍስ ወከፍ ያስብ እላለሁ።

የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ይላል። መልካም። ብዙ ጊዜ ግን የሚዋዋለው አንዱ ልጅ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ በወረቀት ላይ የሉም። ሰኔ ሲገባም ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ እርሻው ይመለሳሉ።

ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተክሉት፣ አግዳሚ ወንበር የሚሸከሙት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በዕድሩና በአፎሻው መዝገብ ግን ስማቸው አልሰፈረም። በነፍስ ወከፍ ባይሆን በክፍል፣ በጥቂት ብር መዋጮ ይመዝገቡ፤ ያን ጊዜ ሰፈርተኛው ስለ ፍሳሹ በስማቸው ጠርቶ ያናግራቸዋል።