ቆቁን ማን ቆጠረው? ከመርካቶ ራጉኤል እስከ ጀማ ሸለቆ

መርካቶ ራጉኤል አካባቢ አንድን ነጋዴ «እሱኮ ቆቅ ነው» ካሉት ሙገሳ ነው። አይሸወድም፣ ኮቴ ሲሰማ ቀድሞ ይነቃል ማለት ነው። ስሙን ሁላችንም እንጠራዋለን። ወፉን በዓይናችን ያየን ግን ጥቂት ነን፤ ስንት እንደቀረ የሚነግረን ደግሞ የለም። የዛሬ ጉዳያችን ይሄ ነው።

ስልካችሁ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ውሻ ሣር ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ይቆይና ድንገት አንድ እግሩን አንስቶ ድርቅ ይላል። አፍንጫው ወደ አንድ ቁጥቋጦ ነው። ሰውዬው ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ወፍ ቡር ብሎ ይነሳል። ብዙ ሰው «አደን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁልጊዜ ግን አደን አይደለም። በእንግሊዝ፣ በኖርዌይና በሌሎችም አገሮች በእነዚህ ጠቋሚ ውሾች የዱር ወፍ ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜም ቆጣሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የራሳቸውን ውሻ ይዘው፣ የራሳቸውን ነዳጅ ከፍለው ይመጣሉ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ሥርዓት አለው። ኖርዌይ ውስጥ ነሐሴ ላይ፣ የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት፣ በካርታ ላይ ቀድሞ የተሰመረ መስመር ይሰጣችኋል። በእሱ ላይ ትሄዳላችሁ። ውሻው ወፍ ሲያገኝ ስንት እንደተነሳ፣ ስንቱ ጫጩት እንደሆነ፣ ከመስመሩ በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደነበረ ትጽፋላችሁ። ርቀቱ የሚያስፈልገው ሳይታይ የቀረውን ለመገመት ነው፤ ሩቅ ያለ ወፍ ያመልጣል፣ ቅርብ ያለው አያመልጥም፣ ቀመሩ ከዚህ ይነሳል። ዘንድሮ ስንት ወፍ ማደን ይቻላል የሚለው ውሳኔ በዚህ ቁጥር ላይ ያርፋል። ቁጥሩ ካነሰ አደኑ ይቀነሳል ወይም ይዘጋል።

አሜሪካኖች የሚቆጥሩት ፌዛንት የሚባለውን ወፍ ነው፤ ከእኛ ቆቅ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። የሚገርመው፣ ፌዛንት የአሜሪካ ወፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከቻይና በመርከብ ተጭኖ ኦሪገን ግዛት ላይ የተለቀቀ ነው። ከውጭ ላስመጡት ወፍ ይሄን ሁሉ ይለፋሉ።

ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ ከዚህ ውጭ በምድር ላይ በየትም የሌለ ቆቅ አለ። ሳይንስ የሐርውድ ቆቅ ይለዋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1899 ነው የመዘገቡት። ስሙም በጉዟቸው ላይ የወፍ ቆዳ ያዘጋጅላቸው በነበረው ሰው ተሰየመ (የአካባቢው ገበሬ ከዚያ በፊት ስም አልነበረውም ያለ ይመስል!)። ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ነው። የሚኖረው በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች፣ በተለይ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ነው። ቀን ማሽላ ማሳ ውስጥ ይለቅማል፣ ወንዝ ዳር ያለው ፊላ ደግሞ መደበቂያውና ማደሪያው ነው። ፊላው ለቤት ክዳን ከታጨደ ወይም መሬቱ ለእርሻ ከተመነጠረ ወፉ መጠጊያ ያጣል። በዚያ ላይ ሥጋው ይበላል፤ ወጥመድ የሚያጠምድለት አለ።

ጀማ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በሙከ ጡሪ ታጥፋችሁ፣ ለሚን አልፋችሁ፣ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ያቋርጣል። ለሚ የሚለው ስም አዲስ አይሆንባችሁም። በመስከረም 2017 የተመረቀው ግዙፉ የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያለበት አካባቢ ነው። ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜ ሕንፃው ቆሞበት ያማረረ መርካቶ ውስጥ ስንት አለ? ፋብሪካው ለብዙ ሰው እፎይታ ነው፣ ይሄን አንክድም። ፋብሪካው ቆቁን ጎዳው እያልንም አይደለም። እያልን ያለነው ሌላ ነው፦ ጎዳውም አልጎዳውም ለማለት ከፋብሪካው በፊት የተቆጠረ፣ ዛሬም በዚያው ቦታ በዚያው ዘዴ የሚቆጠር ቁጥር ያስፈልጋል። መንገድ ሲሠራ፣ መስኖ ሲገባ፣ ድንጋይ ሲፈለጥም እንደዚያው። ያለ ቁጥር የሚደረግ ክርክር በሁለቱም በኩል ጩኸት ብቻ ነው።

ይሄን ለራጉኤል ልጅ ማስረዳት ከባድ አይደለም። ሰኔ 30 ሲደርስ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ቆጠራ ይቀመጣል። ካርቶን በካርቶን። አምና ከነበረው ጋር ያስተያያል፣ የጎደለውን ያውቃል፣ ማን እንደወሰደው የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። የዱር እንስሳት አዋጃችን (ቁጥር 541/1999) ወጥቶ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ግን አንድ እንኳ ሙሉ ቆጠራ ሳንቀመጥ «ሀብታችን» እያልን በፖስተር እንለጥፋለን።

እሺ፣ ውሻ እናምጣ እንዴ? «እኛም ጎበዝ ውሻ አለን» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

አንደኛ፣ የእኛ ደጋ ከኖርዌይ ይለያል። በመንዝ ጓሳና በባሌ ሜዳዎች ላይም ሌላ የደጋ ቆቅ አለ፤ እዚያ ግን ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። የሚፈጃቸው በዋናነት ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ የሚከትቡት ለዚህ ነው። ቆቅ ልንቆጥር ብለን ውሻ እየነዳን ብንገባ አንዱን ለማዳን ሌላውን ልንገድል ነው።

በርግጥ ጀማ ሸለቆ ታች ቀይ ቀበሮ የለም። የቀበሮው ክርክር እዚያ አይሠራም ብላችሁ ብትሞግቱን ትክክል ናችሁ። ግን ቆሞ የሚጠቁም ውሻ ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል። ያልሠለጠነ ውሻ አይጠቁምም፣ ያሳድዳል፤ ጫጩት ይበላል። ፊላ ውስጥ ያደረ ወፍ በውሻ ተረብሾ ከወጣ ደግሞ መግቢያ የለውም።

ከተማችንም ከውሻና ከወፍ ጋር ያላት ታሪክ ጥሩ አይደለም። ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባሉ ቄራዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 እየተመላለሱ ሲቆጥሩ የጥንብ አንሳ ቁጥር በኃይል ሲያሽቆለቁል፣ የውሻው ደግሞ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ አገኙት። ጥንብ አንሳው የተወውን ሥጋ ውሻው ይበላል፣ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ይበዛል። ይሄን ያወቅነውም እዚያ ቆሞ የቆጠረ ሰው ስለነበረ ነው።

ታዲያ በምን ይቆጠር? በጆሮ። ቆቅ ጎህ ሲቀድ ይጮኻል፤ ወንዱ «ይሄ ግዛቴ ነው» የሚለው በድምፁ ነው። አሜሪካኖችም ራሳቸው ፌዛንትን በውሻ ብቻ አይቆጥሩም። በጸደይ ማለዳ በመኪና እየሄዱ በየአንድ ማይሉ ይቆማሉ፣ ሞተር ያጠፋሉ፣ ሁለት ደቂቃ ያዳምጣሉ፣ የጮኸውን ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ይሄ ስንት ወፍ እንዳለ በትክክል አይነግርም፤ ሴቷ አትቆጠርም፣ ዝም ያለውም ያመልጣል። ግን በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ ከተደረገ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን ይነግራል። እኛ የሚያስፈልገን ይሄው ነው። ወጪው ደግሞ ማልዶ መነሳት ነው።

አሁን ትልቁ ችግር ጋር ደረስን። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጀማ መውረድ ዛሬ ቀላል አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ በኦሮሚያም በአማራም በኩል፣ ባለፉት ዓመታት የነበረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍራችሁ ሂዱ ብለን አንመክርም። ኮፍያ አድርጎ፣ በአጉሊ መነጽር ሸለቆ የሚያይ እንግዳ ልጅ በዚህ ጊዜ ምን ሊባል እንደሚችል ማሰብ አያቅትም።

ስለዚህ ቆጣሪው ከዚህ የሚሄድ ልጅ ሳይሆን እዚያው ያለ ሰው መሆን አለበት ባዮች ነን። ማሳ የሚጠብቅ እረኛ የቆቁን ድምፅ ከየትኛውም ዶክተር በላይ ያውቀዋል። የዓለም ከተማና የለሚ ተማሪዎች ስልክ አላቸው። የጎደለው መዝገቡና መዝገቡን የሚቀበል አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፣ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ አጭር ቅጽ አውጥቶ በቴሌግራም ቢበትነው፣ ለመዝጋቢው ደግሞ የካርድ ቢልክለት ሥራው ይጀመራል። ለባለሀብት የሚከብድ ገንዘብ አይደለም፤ በተለይ እዚያው ሸለቆ አፋፍ ላይ ለሚሠራ።

የራጉኤል ልጅ ድርሻስ? ልምምድ። የአዲስ አበባ ሰማይ ላይ በማለዳ እየጮኸ የሚያልፈውን፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልመም ያለውን ወፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፎች አጠገብ ወይም ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ገበያው ሳይሞቅ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ሁለት ሆናችሁ ተራርቃችሁ ብትቆሙ ይሻላል፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ታስተያያላችሁ፣ አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ አትቆጥሩም። የተቀዳ ድምፅ በስፒከር እየለቀቃችሁ ወፉን አትጥሩት፣ ይረበሻል። ጎጆ ካያችሁም ቦታውን ፖስት አታድርጉ።

የምትጽፉት አምስት ነገር ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት ደቂቃ እንዳዳመጣችሁ፣ ስንት እንደሰማችሁ። ኢበርድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ብታስገቡት ተመራማሪ ያገኘዋል። ምንም ያልሰማችሁ ቀን ደግሞ 0 ብላችሁ ጻፉ እንጂ ባዶ አትተዉት።