ሐላል መሆኑን እንጠይቃለን፤ ጠይብ መሆኑንስ?

 

ከግቢ ወጥተን ምግብ ቤት ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሥጋው ሐላል ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልንተወውም አይገባም። ችግሩ ጥያቄያችን እዚያው ላይ ማብቃቱ ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 168ኛ አንቀጽ ስለ ምግብ ሲያዝ ሐላልን ብቻውን አላነሳም፤ ጠይብ የሚለውን ቃል አጣምሮ ነው ያመጣው። ጠይብ ጥሩ፣ ንጹሕ፣ ለሰው የሚስማማ ማለት ነው። እኛ ግን ሐላሉን አጣርተን ስንጨርስ ጠይቡን ሳንጠይቅ እንቀመጣለን። ቀኑን ሙሉ ሲፈላ በዋለ ዘይት የተጠበሰ ድንች ነጭ ዳቦ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከለስላሳ ጋር ሲቀርብልን ቢስሚላህ ብለን እንበላለን፤ በማግስቱም እንደግመዋለን።

ሰውነታችን አማና ነው። ፈጣን ምግብን መተውና የበዛ ክብደትን መቀነስም የዚህ አማና አካል እንጂ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደግሞም አንድ ተማሪ ብቻውን ጥርሱን ነክሶ የሚወጣው ነገር አይደለም። ዕቅድ ይፈልጋል፤ ጀመዓም ይፈልጋል። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ይህንን ለማለት ነው።

ለምን በሩ ላይ እንበላለን?

ስንፍና ብቻ አይደለም። መስጂዳችን ከግቢ ውጪ ነው። ላብ ጨርሰን ለመግሪብ እንሮጣለን፤ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ደርስ ላይ እንቀመጣለን፤ ከዒሻ በኋላ ስንመለስ የካፌው እራት አልቋል። ከመስጂዱ እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ ደግሞ ግራና ቀኙ መጥበሻ ነው፦ ድንች ጥብስ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ እርጥብ። ርቦናል፤ ምግቡ ርካሽ ይመስላል፤ ጓደኞቻችን አብረውን ናቸው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ ሰዓት «ነፍስህን ግዛ» የሚል ምክር ብዙም አይሠራም። የራበው ሰው መጥበሻ አጠገብ ቆሞ የሚወስነው ውሳኔ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማታ ምን እንደምንበላ መወሰን ያለብን ጠዋት፣ ገና ሳይርበን ነው። ዕቅድ የምንለው ይኸው ነው።

ነን ካፌ የሆንነው ደግሞ ሌላ ፈተና አለብን። ቁርሱ ፓስቲ በሻይ፣ ምሳው እርጥብ በለስላሳ ሲሆን ወሩ ሳይጋመስ ኪሳችን ባዶ ይሆናል። ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። አባት ከሱቁ፣ እናት ከጉሊቷ፣ አንዳንዶቻችንም ዐረብ አገር ከምትሠራ እህታችን ላብ የተላከልን ነው። ኢስራፍ ሲባል ሀብታም ሰው ብቻ የሚሠራው ወንጀል ይመስለናል። ሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ ግን መብላትንና መጠጣትን ሲፈቅድ ወሰን ማለፍን የከለከለው ለሁሉም ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ምህንድስና የምንማር ሰዎች የኃይል ሚዛንን ገና ከመጀመሪያው እንማራለን፦ የገባው ከወጣው ሲበልጥ ልዩነቱ ይከማቻል። ሰውነትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አንድ ግራም ስኳር ወደ 4 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ አንድ ግራም ፕሮቲንም እንዲሁ። አንድ ግራም ዘይት ግን 9 ኪሎ ካሎሪ አለው። የተቀቀለ ድንችና የተጠበሰ ድንች አንድ ዓይነት ምግብ የማይሆኑት ለዚህ ነው። ድንች አብዛኛው ውሃ ነው። ሲጠበስ ውሃው ተንኖ ይወጣና ዘይት ይገባበታል። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 90 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲኖረው፣ 100 ግራም የድንች ጥብስ ወደ 300 ይደርሳል።

ለስላሳውን ደግሞ እንይ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ይህም ወደ 130 ኪሎ ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። ስለዚህ አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ይህንን ታልፈዋለች፤ በሦስት ማንኪያ ስኳር የጠጣነው የጠዋቱ ሻይ ገና አልተቆጠረም። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያከማቻል። በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ለአንድ ዓመት የጠጣ ሰው በወረቀት ስሌት የ6 ኪሎ ግራም ስብ ያህል ኃይል አስገብቷል ማለት ነው። ሰውነት እንደ ወረቀት ቀጥ ያለ ስላልሆነ ትክክለኛው ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ይህ ነገር ከሚዛን ቁጥር ያልፋል። የበዛ ክብደት ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ለደም ግፊት ያጋልጣል። በየቤታችን መድኃኒታቸውን በሰዓት የሚወስዱ አጎትና አክስት አሉን። እነሱ በስተርጅና የገጠማቸውን እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜያችን ልንጋብዘው አይገባም።

ረሃብ ዕቅድ አይደለም

ክብደት ልቀንስ ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቁርስና ምሳ በመተው ነው። ሦስት ቀን ይዘልቃል፤ በአራተኛው ቀን ማታ ሁለት እርጥብ ይበላል። ከዚያ «እኔ ዒማኔም ደካማ ነው» ብሎ ይተወዋል። ደካማው ግን ዕቅዱ ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ቀኑን ሁሉ እየጾመ ሌሊቱን ሁሉ እየሰገደ ራሱን ባደከመ ጊዜ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) ሰውነቱ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው አስታውሰውታል። ለዒባዳ እንኳ ሰውነትን ማጎሳቆል ካልተፈቀደ፣ ለሚዛን ቁጥር ሲባል ማጎሳቆልማ እንዴት ይሆናል?

ከዕለት ምግባችን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል መቀነስ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ለመቀነስ ይበቃል። ይህም አንድ ለስላሳና አንድ ሳሕን ድንች ጥብስ እንደመተው ነው። ሌላውን ምግባችንን መንካት እንኳ ላያስፈልገን ይችላል። ቲርሚዚ ከሚቅዳም ኢብኑ መዕዲከሪብ ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ለሰው ልጅ ጀርባውን የሚያቀናለት ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃው፣ ከዚያ ማለፍ ግድ ከሆነ ግን ሆዱን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት እንዲከፍል አስተምረዋል። ይህን የምናውቀው ከመድረሳ ጀምሮ ነው። የቀረን ሳሕናችን ላይ ማየት ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንበል። የሰኞና ሐሙስ ጾም፣ በየወሩ የ13፣ የ14 እና የ15 ጾም ሱና ናቸው። ለአላህ ብለን እንጹማቸው፤ የጤናው ጥቅም ተከትሎ ይመጣል። ኒያውን ወደ ሚዛን ካዞርነው ግን ምንዳውን እናጣለን። ሰሑርን ዘለን፣ መግሪብ ላይ በሳምቡሳና በለስላሳ ካፈጠርን ደግሞ ክብደቱም አይቀንስም። በተምርና በውሃ ማፍጠር፣ መግሪብን መስገድ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ እራት መብላት፤ ሱናውም የጤናው መንገድም እዚህ ላይ ይገናኛሉ። የስኳር በሽታ ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ግን ጾሙንም አመጋገቡንም ከመቀየሩ በፊት የግቢውን ክሊኒክ ያማክር።

ምን እንብላ?

«ጤናማ ምግብ የሀብታም ነው» የሚሉ አሉ። የሚታሰባቸው ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገው ነገር ነው። የእኛ አገር ምግብ ግን ከዚያ አይፈልግም። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቅንጬ፣ የጤፍ እንጀራ አሉን። ምስር ሲደርቅ ከክብደቱ አንድ አራተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲንና አሰር ያለው ምግብ ደግሞ ጥጋቡ ይቆያል። ካፌ የምንበላ ከሆነ ምግቡን አንናቀው። እንጀራውን ትንሽ ቀነስ፣ ወጡንና ጎመኑን ጨመር እናድርግ።

ለዶርም ደግሞ በሶ አለን። በሶን የድሀ ተማሪ ምግብ አድርጎ የሚያፍርበት ካለ ይህን ይስማ። ቡኻሪ እንደዘገቡት በኸይበር ጉዞ ሰህባእ የምትባል ቦታ ላይ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ስንቅ ይቅረብ ሲሉ የተገኘው ሰዊቅ ብቻ ነበር፤ እሱኑ አስበጥብጠው ከሰሓቦች ጋር በልተዋል። ሰዊቅ ከተቆላ ገብስ ወይም ስንዴ የሚዘጋጅ ዱቄት ነው፤ የእኛው በሶ ዘመድ ማለት ነው። በሶን በውሃ በጥብጠን ስኳሩን ከቀነስን፣ ከላብ እስከ ዒሻ ያለውን ሰዓት ያሻግረናል። አንድ እፍኝ የሽምብራ ወይም የገብስ ቆሎ፣ ጥቂት ኦቾሎኒ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ኮዳ ውሃ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ቅዳሜ ገበያ ወጥተን የሳምንቱን እንግዛ፤ ደርስ ያለባቸውን ምሽቶች ለይተን በእነዚያ ቀናት ምን እንደምንበላ እንጻፍ። ወጪውን የሚጠራጠር ሰው በር ላይ በአንድ ሳምንት የከፈለውን ሁሉ ይመዝግብና ከቅዳሜው ገበያ ጋር ያስተያየው።

«ሐላል የሆነውን ሐራም አታድርጉብን» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ማንም ሐራም አላለም። ከጁሙዓ በኋላ አልፎ አልፎ ከጓደኛ ጋር አንድ በርገር መብላት ዱንያን አያናጋም። የምንናገረው ስለ ልማድ ነው። በሳምንት አምስት ቀን የሚበላ ነገር ግብዣ መሆኑ ቀርቶ ቀለብ ሆኗል።

ጀመዓችን ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ከራሳችን መስተንግዶ እንጀምር። ሐለቃዎቻችንና ስብሰባዎቻችን ላይ የምናቀርበው ለስላሳና ቦምቦሊኖ ነው። በውሃ፣ በተምር፣ በቆሎና በሙዝ እንተካው። በረመዳን የኢፍጣር ዝግጅታችንም የሳምቡሳውን ክምር ቀንሶ ሾርባውን ያብዛ።

ሁለተኛ፣ ነን ካፌ የሆንን ተማሪዎች በተናጠል ኮንትራት ከምንበላ ሃያም ሠላሳም ሆነን ከአንድ የሙስሊም ምግብ ቤት ጋር እንነጋገር። ብዙ ሆኖ የሚመጣ ደንበኛ ይደመጣል። ዘይቱ እንዲቀንስ፣ ጎመንና ሰላጣ በየቀኑ እንዲኖር፣ ከዒሻ በኋላ እራት እንዲቆይልን መጠየቅ እንችላለን። ለካፌ ተጠቃሚዎች ደግሞ የእራቱ ሰዓት በግማሽ ሰዓት እንዲራዘም በተማሪዎች ኅብረት በኩል በአክብሮት ጥያቄ ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ አብረን እንንቀሳቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ዝቅተኛው መጠን በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ወንዶች ሜዳውን ስለያዝነው እህቶች ቦታ አጥተዋል። የሜዳው ሰዓት ሲመደብ የእህቶችን ሐቅ አስቀድመን እንጠይቅ፤ የእህቶች ክፍላችንም የጋራ የእግር ጉዞ ሰዓት ያውጣ።

አራተኛ፣ አፋችንን እንያዝ። ወፍራሙን ወንድም በቅጽል ስም እየጠራን እንስቃለን፤ ሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ መሳለቅንና በክፉ ስም መጠራራትን እንደሚከለክል ግን ሁላችንም ሐፍዘናል። በሌላ በኩል የወፈረውን «ተመችቶሃል!» እንለዋለን፤ ስድስት ወር ለፍቶ ክብደቱን ያስተካከለውን ደግሞ «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ብለን እናስደነግጠዋለን። እረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ከእናቶቻችን ይህንኑ መስማታችን አይቀርም፤ ከፍቅር ነውና እጃቸውን ስመን በልክ እንብላ። እርስ በርሳችን ግን «አላህ ያግዝህ»፣ «አላህ ያግዝሽ» ማለት ይበቃናል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አናሳካውም። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ከሥራዎች ሁሉ ተወዳጁ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ነግረውናል። ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሁለት ነገር ብቻ እንያዝ፦ ለስላሳን በውሃ መተካትና ከዒሻ በኋላ የምንበላውን ጠዋት ላይ መወሰን። አላህ የሰጠንን ጤና የምንጠብቅ፣ ሪዝቃችንንም በልኩ የምንጠቀም ያድርገን። ኣሚን።